ፋጉሎ ውስጥ የቀረው ዘይት

ፋጉሎ የማያውቅ ጎጃሜ ያለ አይመስለኝም። ለማያውቅ ግን ልንገር፤ ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ጥቁር ነገር ነው፣ ለከብት ይሰጣል። ልጅ እያለሁ ከመጭመቂያ ቤት ፋጉሎ ተሸክሜ ስመጣ ማዳበሪያው ትከሻዬ ላይ ይወዛ ነበር። እናቴ ሸሚዜን አይታ ትቆጣለች። አያቴን፣ እናናን፣ የሚያናድዳት ግን ሌላ ነው። ከማዳበሪያው አንድ እፍኝ ትዘግንና ጭምቅ ታደርገዋለች፤ ከዚያ መዳፏን ወደ ብርሃን ታዞረዋለች። መዳፏ ያበራል። «አየህ፣ ግማሹን እዚሁ ትተውት ነው ገንዘብ የሚቀበሉን» ትላለች።

ግማሹን እንኳ አልተዉትም፣ አጋናለች። ነገሩ ግን እውነት ነው። ማሽኑ የቱንም ያህል ቢጫን ፋጉሎ ውስጥ ዘይት ይቀራል። እናና ራሷ በወጣትነቷ ኑግ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውሃ አፍልታ፣ የተንሳፈፈውን እየገፈፈች ነበር ዘይት የምታወጣው። ከእሷም ድስት ከአተላው ጋር የሚደፋ ዘይት ነበረ። ይህን ስነግራት ግን አልሰማ ትለኛለች።

ከዓመታት በኋላ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ስማር አንድ መምህር ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር ጻፈ። ከመሬት ውስጥ ካለው ድፍድፍ ዘይት፣ ያልተጣራ ነዳጅ ማለት ነው፣ በአማካይ የሚወጣው ሲሶው ብቻ ነው አለ። ሁለት ሦስተኛው እዚያው ይቀራል። ክፍሉ ዝም አለ። ለእኔ ግን የታየኝ የእናና መዳፍ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ነዳጅ መስክ ላይ ሠርቼ አላውቅም፣ ጎጃም ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ የለም፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የማውቀው ነዳጅ ባጃጆች የሚሰለፉለት ቤንዚን ነው። ስለዚህ «አንተን ምን አገባህ» የሚል ካለ፣ ትክክል ነው፣ ብዙም አያገባኝም። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ይሄ ስለነበረ ግን የተወሰነ ነገር አውቃለሁ፣ የማውቀውም ከሞላ ጎደል ከስህተቴ የተማርኩት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ብዙ ሰው ነዳጅ መሬት ውስጥ እንደ ጠላ ጋን ሞልቶ የተቀመጠ ይመስለዋል። ቱቦ ትሰዳለህ፣ ትመጥጣለህ፣ ያልቃል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። እንደዚያ አይደለም። ዘይቱ ያለው ድንጋይ ውስጥ ነው። ጠጣር በሚመስል ድንጋይ፣ በአሸዋ ቅንጣቶች መሃል በቀሩ፣ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ውስጥ።

ይህን ማየት የፈለገ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ይውረድ። የአባይ በረሃ የሚባለው መንገድ ማለት ነው፣ ሲወርዱ ጆሮ የሚደፍነው። ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ከሥሩ ኖራ ድንጋይ አለ። ከእሱ በታች ጀሶ ያለበት ንብርብር ይመጣል። ወንዙ ጋ ስትደርስ ደግሞ ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ ታገኛለህ፤ ጂኦሎጂስቶች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይሉታል። ይሄው ድንጋይ በኦጋዴን ከመሬት በታች በጣም ጠልቆ ይገኛል፣ የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝም ከሚገኝባቸው ድንጋዮች አንዱ እሱ ነው። እኛ በአውቶቡስ መስኮት የምናየው ድንጋይ፣ ሌላ ቦታ ላይ ሰው በቢሊዮን ብር ቆፍሮ የሚፈልገው ነው። ስንቴ እንዳለፍኩበት ሳስበው ይገርመኛል፣ ተኝቼ ነው ያለፍኩት።

እና ዘይቱ ከዚያ ድንጋይ እንዴት ይወጣል? መጀመሪያ ላይ በራሱ ጉልበት ይወጣል። ታች ግፊት አለ፣ ዘይቱ ውስጥ የሟሟ ጋዝ አለ፤ እንደተናወጠ ቢራ ክዳኑን ስትከፍትለት ይገነፍላል። ይሄ ብዙ አይቆይም። ግፊቱ ሲወርድ ውሃ ከአንድ ጉድጓድ ወደ ታች ይገፋል፣ ዘይቱ በሌላ ጉድጓድ ይወጣል። ውሃ ርካሽ ነው። ውሃ ይገፋል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እስከተወሰነ ድረስ።

ችግሩ ውሃ ሰነፍ መሆኑ ነው። ገበሬ አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ክረምት ላይ ማሳው ውሃ እንዳይተኛበት በሞፈር ፈሰስ ያወጣል፣ በሰያፍ። ዝናቡ አንዴ ፈሰሱን ካገኘው ሌላውን መሬት አይነካውም፣ በዚያው ይሮጣል። እዚያ ለማሳው ጥሩ ነው። ድንጋይ ውስጥ ግን መከራ ነው። ውሃው ቀጭን ነው፣ ዘይቱ ወፍራም። ቀጭን ነገር ወፍራም ነገርን ሲገፋ ግንባሩ እኩል አይሄድም፤ እንደ ጣት ይሰነጣጥቀዋል። ይህን ሳፍማን እና ቴይለር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1958 በሒሳብ አሳይተዋል። አንዷ ጣት ቀድማ ማዶ ያለው ጉድጓድ ጋ ከደረሰች አለቀ፣ ከዚያ በኋላ የምትረጨው ውሃ ሁሉ በእሷ መንገድ ይሄዳል። የዘይት ጉድጓድ ብለህ የቆፈርከው ውሃ ያመርታል። ግራና ቀኝ ያለው ዘይት ምንም አልተነካም።

እዚህ ላይ የሰው የመጀመሪያ ሐሳብ «አጠንክረህ ግፋው» ነው። የእኔም እሱ ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ያሉት ለዚህ ይሆናል። ብታጠነክረው ያቺው ጣት ላይ ይበልጥ ይፈጥናል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። ብሶ ድንጋዩንም ትሰነጥቀዋለህ። መፍትሔው ውሃውን ማወፈር ነው።

ለዚህ ነው ተልባ ትዝ ያለችኝ። እናና ጨጓራዋን ሲያማት ያልተፈጨ ተልባ በሙቅ ውሃ ትዘፈዝፋለች። ጠዋት ስታየው ውሃው ውሃ አይደለም፣ ዝልግልግ ብሏል፣ በማንኪያ ሲነሳ እንደ ክር ይንጠለጠላል። ያ ክር ፖሊመር ነው። ከፍሬው ቆዳ የሚወጡ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው፤ ውሃው ውስጥ እንደተበተነ ፈትል ይጠላለፋሉ፣ ውሃውም በመሃላቸው እንደልቡ መሄድ ያቅተዋል። የሚገርመው ብዙ አያስፈልግም። ነዳጅ መስክ ላይ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ወይም ሁለት ግራም ፖሊመር ጠብ ተደርጎ ውሃውን ከአሥር እጥፍ በላይ ማወፈር ይቻላል። የወፈረው ውሃ አይሮጥም። ቀስ ብሎ፣ ጎን ለጎን፣ ያልተነካውን ሰፈር ሁሉ እየዳሰሰ ይሄዳል።

ነዳጅ መስክ ላይ በብዛት የሚሠራበት ፖሊአክሪላማይድ የሚባል ሰው ሠራሽ ነው። ሌላው ዛንታን ነው። ዛንታንን የሚያመርተው ባክቴሪያ ጎመን የሚያበሰብስ ነው፣ አሁን ደግሞ ፈረንጅ አገር ላሉ ሰዎች ስንዴ ለማይስማማቸው ዳቦ ማጣበቂያ ሆኗል። የጎመን በሽታ ነዳጅ ያወጣል ቢባል እናና ታምናለች? አታምንም። ነግሬያታለሁ፣ አላመነችም።

አሁን ወደ ስህተቴ።

ለፕሮጀክቱ ያዘጋጀነው ነገር ቀላል ነው። አንድ ብርሌ የሚመስል ረጅም የመስታወት ቱቦ። ውስጡ በደንብ የታጠበ የወንዝ አሸዋ። መጀመሪያ በውሃ ሞላነው፣ ከዚያ በኑግ ዘይት። (ድፍድፍ ዘይት ከየት ይምጣ? የኑግ ዘይት ከውሃ ሃምሳ እጥፍ ገደማ ስለሚወፍር ለእኛ በቂ ነበር፣ ሽታውም ያጽናናል።) ከዚያ ውሃ ከታች መግፋት ጀመርን። የሆነው መጽሐፉ እንዳለው ነው። ጥቂት ንጹህ ዘይት ወጣ፣ ሁላችንም ደስ አለን፤ ከዚያ በድንገት ውሃ መጣ፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውሃ ብቻ ሆነ። በመስታወቱ በኩል ውሃው የሄደበት መንገድ ይታይ ነበር፤ ነጣ ያለ ጠማማ መስመር። ቀሪው አሸዋ እንዳለ ቡናማ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ቱቦውን እያየ «ይሄ እኮ የእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ነው፣ ለአንድ ቤት ብቻ የሚደርስ» አለ።

ፖሊመሩን ከውሃ ማጣሪያ የተረፈ አገኘን። ፖሊአክሪላማይድ ቆሻሻ ለማጥለልም ይውላል። ነጭ ዱቄት ነው፣ ስኳር የመሰለ። እኔ ለካሁት፣ ውሃው ማማሰያው ላይ እየተሽከረከረ ነበር፣ እና ዱቄቱን ባንዴ ገለበጥኩት።

ጓጎለ። ልክ እንደ ሽሮ። እያንዳንዱ ጉብታ ከላይ ተጣብቆ ልጥፍጥፍ ያለ፣ ብትሰነጥቀው ውስጡ ደረቅ ዱቄት። ላቦራቶሪውን የሚጠብቁት ሰውዬ ባልዲውን አይተው «አንተ፣ ሽሮ ሠርተህ አታውቅም?» አሉኝ። ሠርቼ አላውቅም ነበር፣ እውነት ለመናገር። ሽሮ የሠራ ሰው ዱቄት እየነሰነሱ ማማሰል እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ነዳጅ መስክ ላይ ለዚህ ብቻ የተሠራ ማሽን አለ፣ ዱቄቱን ቅንጣት በቅንጣት ውሃ የሚያስነካ፤ ከዚያም በትልቅ ታንከር ለሰዓታት ቀስ ብሎ እየተማሰለ ይቀመጣል። ጓጉሎ ከገባ ድንጋዩን አፉ ላይ ይደፍነዋል፣ በብዙ ገንዘብ የተቆፈረ ጉድጓድ ይሞታል።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። ጉብታውን ልፈጭ ብዬ ከጁስ ቤት ብሌንደር ተዋስኩ። ፈጨሁት። አምሮበት ወጣ፣ አንድም ጉብታ የለው። ቱቦው ውስጥ ስንገፋው ግን እንደ ተራ ውሃ ሮጠ። ለሁለት ቀን ምክንያቱ አልገባኝም። ከዚያ ነው መምህራችን ያስረዱን። የፖሊመሩ ጥቅም ሰንሰለቱ ረጅም መሆኑ ነው፣ አንዱ ሰንሰለት ከመቶ ሺህ በላይ ቁርጥራጮች የተያያዙበት ነው፣ ብሌንደር ደግሞ ይቆራርጠዋል። እናና ጥጥ ስትፈትል አይቻለሁ፤ እንዝርቱን ቸኩለህ ካዞርከው ክሩ ይበጠሳል፣ የተበጠሰ ክር ደግሞ ሸማ አይሆንም። ለዚህ ነው መስክ ላይ ፓምፑም ቫልቩም ሁሉ ፖሊመሩን እንዳይበጣጥስ ታስቦ የሚመረጠው። ፈጥኖ በጠባብ ቦታ ማለፍ ይገድለዋል።

ተልባውንም ሞከርነው፣ ከጉጉት። መጀመሪያ ቀን ሠራ፣ በእውነት ሠራ፣ ቀጥ ያለ ግንባር ሠርቶ ዘይቱን ገፋ። ሁለተኛው ቀን አሸዋው አፍ ላይ ደፈነ፣ አላጠለልነውማ። ሦስተኛው ቀን ሸተተ። ላቦራቶሪው በሙሉ የኮመጠጠ ነገር ሸተተ፣ መስኮት ከፈትን፣ ከጎን ክፍል ያሉት መጥተው ቆጡን። ተፈጥሮ የሰጠው ፖሊመር ሁሉ ይሄ ዕዳ አለበት፤ ባክቴሪያ ይበላዋል። ዛንታንም እንደዚያው ነው፣ ለዚህ ነው ባክቴሪያ የሚገድል ነገር አብሮ የሚጨመርበት።

በዚህ ሁሉ ከቀለድኩ በኋላ አንድ ቁም ነገር ልናገር፣ ይሄ ነገር በወረቀት ላይ የቀረ እንዳይመስላችሁ። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ዳቺንግ የሚባል መስክ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተገኘ። ከ1976 እስከ 2002 ድረስ ለ27 ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ አምርቷል። መስኩ ሲያረጅና ጉድጓዶቹ ውሃ ሲያወጡ ከ1996 ጀምሮ በኢንዱስትሪ ደረጃ ፖሊመር መግፋት ጀመሩ። በፖሊመር ብቻ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ያወጡበት ጊዜ አለ። መሬቱ ውስጥ ከነበረው ጠቅላላ ዘይት በውሃ ብቻ ከሚወጣው ላይ አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ጨመረላቸው። አሥር በመቶ ትንሽ ይመስላል። አይደለም። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ቧንቧው ተዘርግቷል፣ ዘይቱ የት እንዳለ ይታወቃል፤ አዲስ መስክ ፍለጋ ምድረ በዳ አትቆፍርም።

ግን ዳቺንግ ዕድለኛም ነው። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ሙቀት 45 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ውሃውም ብዙ ጨው የለበትም። ፖሊአክሪላማይድ ጨው ይጠላል። ሰንሰለቱ ላይ ያሉት አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌቶች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው ተዘርግቶ የሚቀመጠው፤ ጨው ሲመጣ ሙሌቱን ይሸፍንና ሰንሰለቱ እንደ ጃርት ይጠቀለላል። የተጠቀለለ ክር ውሃ አያወፍርም። ካልሲየም ደግሞ የባሰ ነው። ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ አያስፈልግም፤ ኖራና ጀሶ ባለበት መሬት ላይ የወጣ ምንጭ ሳሙና አይቀበልም፣ ብታሽ ብታሽ አረፋ የለም፣ ልብስ ላይ ነጭ እድፍ ይቀራል። ያው ካልሲየም ነው። በሞቃትና በጨዋማ መስክ የሚሠራ ፖሊመር ፍለጋ ዛሬም ሰዎች ዕድሜያቸውን እየጨረሱበት ያለ ሥራ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ውሃው ያልደረሰበትን ዘይት ነው። ሌላ ችግር አለ። ውሃው በደረሰበትም ቦታ ቢሆን ዘይት ይቀራል። ይሄ ነው እኔን ይበልጥ የሚስበኝ።

የእናና ነጠላ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ የቅቤ እድፍ አለበት። ቅቤ ትቀባለች፣ ነጠላ ትለብሳለች፣ ቅቤው ይወርዳል። ያንን ነጠላ ወንዝ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብትዘፈዝፈው ውሃው ያልፍበታል እንጂ ቅቤው አይወጣም። ውሃው አልደረሰም ማለት አይቻልም፣ ደርሷል። ቅቤው ግን ክሩን ይዟል። ድንጋይ ውስጥም እንዲሁ ነው። የዘይቷ ጠብታ በትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፣ መውጫዋ በር ከእሷ ይጠባል። ለመውጣት ቅርጿን መቀየር፣ መሾል አለባት። በዘይትና በውሃ መካከል ያለው ውጥረት ደግሞ ክብ ሆና እንድትቆይ ይይዛታል። ውሃው በጎኗ ያልፋል።

ይህን ውጥረት በጉልበት ማሸነፍ ይቻላል? በወረቀት ላይ አዎ፣ ግፊቱን ሺህ እጥፍ ጨምር። ድንጋዩ ግን አይችለውም። ስለዚህ ውጥረቱን ራሱን መቀነስ ነው፣ ለዚህ ነው ሰርፋክታንት ያስፈለገው፣ በቀላሉ ሳሙና በሉት። የሳሙና ሞለኪውል አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ አንድ ጫፉ ዘይት ይወዳል። የተጣሉ ቤተሰቦችን ለማስታረቅ የሚላክ ሽማግሌ ለሁለቱም ዘመድ ቢሆን ይመረጣል አይደል? እሱ ነው። በመሃል ይቀመጥና ጠቡን ያበርደዋል። በተለመደው ሁኔታ በዘይትና በውሃ መካከል ያለው ውጥረት ከ20 እስከ 30 ሚሊኒውተን በሜትር ይሆናል። ጥሩ ሰርፋክታንት ወደ 0.001 ያወርደዋል። ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያኔ ጠብታዋ ትለሰልሳለች፣ በጠባቡ በር ሾልካ ትወጣለች፣ ከሌሎች ጠብታዎች ጋር ትገናኛለች፣ ትሰበሰባለች።

እናና ለነጠላዋ የምትጠቀመው እንዶድ ነው። ገበያ ሳሙና ሞልቶ እያለ። እንዶዱ ከአጥራችን ላይ ነው የሚለቀመው፣ ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። «ሳሙና ሸማ ያሳርራል» ትላለች። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ነገር ነው፣ እውነተኛ ሰርፋክታንት። አክሊሉ ለማ የተባሉት ሳይንቲስታችን እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን ቢልሃርዝያ ለመከላከል የሚሆን ነገር እንዳገኙ ይታወቃል። በዚያው በ1964 ነው ፓይ እና ሳንዲፎርድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ስለ ፖሊመርና ነዳጅ የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች ያወጡት። ግንኙነት የላቸውም። ግን እኔ ይሄን ስደርስበት ብቻዬን ሳቅሁ፤ በእናና ቤት ተልባውም እንዶዱም አንድ መደርደሪያ ላይ ነው ያሉት።

ከፖሊመሩና ከሳሙናው ቀጥሎ ያለውን ሦስተኛውን መላ ያገኘሁት በሑዳዴ ቤት ሄጄ ነው። እህቴ የወጥ ድስት እያጠበች ነበር። ላርጎ አልቋል። ከምድጃ አመድ ዘግና ድስቱን ፈተገችው፣ ጥቂት ውሃ ጠብ አደረገች፣ ዘይቱ ለቀቀ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አመድ አልካላይ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ። ከቅባቱ ጋር ሲገናኝ እዚያው ድስቱ ላይ ሳሙና ይሆናል። ነዳጅ መስክ ላይም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ሰርፋክታንት ውድ ስለሆነ ከውሃው ጋር አልካላይ ይጨምራሉ፣ አልካላዩ ድፍድፍ ዘይቱ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ተገናኝቶ ሳሙናውን እዚያው ታች፣ ድንጋዩ ውስጥ ያመርታል። ፖሊመሩን፣ ሰርፋክታንቱንና አልካላዩን፣ ሦስቱን በአንድ ላይ ይገፏቸዋል። ቻይናዎቹ ዳቺንግ ላይ በሰፊው ሞክረውታል፣ በጣም ብዙ ዘይት አውጥቶላቸዋል፣ ነገር ግን ጠንካራው አልካላይ የድንጋዩን ሲሊካ እያሟሟ ወደ ላይ ይዞ መጣና ፓምፖቻቸው ውስጥ እንደ ድንጋይ ተጋገረባቸው። «ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ውሃ አቀብለኝ» አለችኝ እህቴ።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ማንም ባይጠይቀኝም፣ ፖሊመሩ አስተማማኝ ነው፣ ሰርፋክታንቱ ግን ልብ ይሰብራል። ላቦራቶሪ ውስጥ ሁልጊዜ ተአምር ይሠራል። አሸዋውን ነጭ አድርጎ ያጥበዋል። መስክ ላይ ግን ድንጋዩ ውስጥ ያለ ሸክላ አፈር ሰርፋክታንቱን ራሱን ይመጠዋል፣ ግማሹ ዘይቱ ጋ ሳይደርስ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ዋጋውም ከነዳጅ ዋጋ ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ አሜሪካ ውስጥ የተጀመሩ ብዙ የሰርፋክታንት ሙከራዎች አብረው ወደቁ። በየጊዜው ዋጋ ሲወጣ ይነሳሉ፣ ሲወርድ ይተኛሉ። የወጣውን ውሃና ዘይት መለየት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው፤ ያስታረቅካቸውን መልሰህ ማጣላት አለብህ።

«ለእኛ ምን ይጠቅማል» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፣ ሁልጊዜ ይመጣል። ሰኔ 2010 ላይ ከኦጋዴን ድፍድፍ ዘይት በሙከራ ሲወጣ በቴሌቪዥን ያየን ጊዜ ሰፈራችን ያሉ ሰዎች «በቃ፣ አሁን ቤንዚን ይረክሳል» ብለው ነበር። ያው እንደምታውቁት ነው። አሁን ደግሞ የቤንዚን መኪና ማስገባት ተከልክሎ ሁሉም ስለ ቻርጅ ነው የሚያወራው። ምናልባት ነዳጁ ታች ቢቀር ይሻላል የሚሉም አሉ፣ ለአየሩ። በዚያ ላይ ብዙ መከራከሪያ የለኝም። የእኔ ፍቅር ከነዳጁ ጋር አይደለም፤ ከድንጋዩና ከጠብታዋ ጋር ነው። ይሄው እውቀት የተበከለ የከርሰ ምድር ውሃ ለማጽዳትም ይውላል፤ ከነዳጅ ማደያ ሥር የፈሰሰ ቤንዚን አፈር ውስጥ ሲቀር በሰርፋክታንት ያጥቡታል። ያ ለማንኛውም ከተማ ይሆናል።

እናናን አንድ ቀን ሁሉንም አስረዳኋት። ተልባ እየለቀመች ነበር። ድንጋዩን፣ ውሃውን፣ ሲሶው ብቻ እንደሚወጣ፣ ከዚያ ተልባና እንዶድ የመሰለ ነገር እንደሚገፋ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ሲሶ የሚለው ላይ ብቻ ነው ቀና ያለችው።

«ከዚያ በኋላስ? በተልባውም በእንዶዱም ገፍተው ሁሉም ይወጣል?»

«አይወጣም እናና። ግማሽ ቢወጣ፣ ትንሽ ቢያልፍ።»

«እንግዲያ ፋጉሎ ነዋ» አለችና ወደ ተልባዋ ተመለሰች።

ባለፈው ዓመት በደጀን ስወርድ ሾፌሩን ለምኜ ድልድዩ ሳይደርስ ወረድኩ። አንዲት ቀላ ያለች የአሸዋ ድንጋይ አነሳሁ፣ የቡጢ ያህል። ቤት ወስጄ ውሃ ጠብ አደረግኩባት፣ ወዲያው ጠጣችው። በሌላው ጎኗ የኑግ ዘይት ጠብ አደረግኩ። ቀስ ብላ እሱንም ጠጣች፣ ጥቁር ክብ ሆነ። በማግስቱ በውሃ አጠብኳት፣ ምንም። በላርጎ አጠብኳት፣ ጫፉ ሳሳ። ከእናና እንዶድ ለመንኩ፣ ሦስት ቀን ዘፈዘፍኳት፣ ውሃው ላይ ትንሽ ትንሽ የዘይት ዓይን ብቅ ብቅ ሲል ቁጭ ብዬ አየሁ። አሁን መስኮቴ ላይ አለች። ክቡ ደብዝዟል፣ ግን ፀሐይ ሲመታት አሁንም ይታያል።